ምላጭ ቢያብጥ

በእኛ ዘር ጢም የለም። አባቴ አገጭ ላይ የበቀሉትን ጠጉሮች እናቴ አንድ በአንድ ታውቃቸው ነበር፤ የመጀመሪያው ሲሸብትም ቀድማ የነገረችው እሷ ናት። አጎቴ ለመመንኮስ አስቦ የተወው በጢም እጦት ነው ይባላል። ለእኔም የደረሰኝ ከዚሁ ርስት ነው፤ ከጆሮ ግንድ ተነሥቶ ጉንጭ መሀል ሲደርስ መንገዱ የሚጠፋበት፣ አገጭ ሥር እንደገና ብቅ የሚል ነገር። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው ስለ መሳቢያዬ ላወራ ስለሆነ ነው። መሳቢያውን ከፍቼ ያሳየሁት እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ምላጮቹን ያያል፤ ቀጥሎ አገጬን ያያል፤ ከዚያ ወሬ ይቀይራል።

ምላጭ ስል ያንን በወረቀት የተጠቀለለውን ባለ ሁለት አፍ ስስ ብረት ማለቴ አይደለም። እሱማ የአገር ባለውለታ ነው። እርሳስ ቀርጸንበታል፤ ልብስ ሰፊው የተበላሸ ስፌት ይተረትርበታል፤ ጥፍር ይቆረጥበታል፤ ከዚህ ሁሉ ከተረፈ ደግሞ ጢም ይላጭበታል። ጸጉር ቤት ስትገቡ አስተካካዩ ከነወረቀቱ ያሳያችኋል፤ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን በሚታጠፈው መያዣ ውስጥ ይከታል። ኤችአይቪ ካስተማረን በኋላ ወረቀቱ ሲቀደድ በዓይኑ ሳያይ አንገቱን የሚሰጥ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም።

የእኔዎቹ የሚጣል ነገር የላቸውም። መያዣ የሚመስለው እጀታ ሰገባም ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ብረት ራሱ ምላጭ ነው። ጀርባው ወፍራም ነው፤ ሁለት ጎኑ ወደ ውስጥ ተጎድጉዶ ይሞረድና እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ አፉ ላይ ሲደርስ ከመኖር ወደ አለመኖር ይጠጋል። በደንብ የተጎደጎደውን በጥፍራችሁ ነካ ብታደርጉት ይዘምራል። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ጀርባው ነው። ምላጩን መሳያ ድንጋይ ላይ ዝርግ አድርጋችሁ ስታስተኙት ጀርባውና አፉ እኩል ድንጋዩን ይነካሉ። የመሳያው ማዕዘን በጀርባው ውፍረትና በብረቱ ስፋት አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው፤ የእጃችሁ መንቀጥቀጥ ምንም አያመጣም። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ስሙን ለልጄ አወጣለት ነበር።

የምኖረው ኮሎኝ ነው። ከኮሎኝ ዞሊንገን በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ መዘዜ የመጣው ከዚህ ጉርብትና ይመስለኛል። ሌላ ከተማ ብኖር ምናልባት ቴምብር እሰበስብ ነበር።

ዞሊንገን ከጥንት ጀምሮ ሰይፍ፣ ቢላዋ፣ መቀስና ምላጭ ሲያወጣ የኖረ ከተማ ነው። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 የከተማውን ስም ራሱን በሕግ አጥሮለታል፤ በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ስለት «ዞሊንገን» የሚል ማኅተም ሊመታበት አይችልም። ግሬፍራት በሚባለው ሰፈር የቀድሞው የሴቶች ገዳም ዛሬ የስለት ሙዚየም ሆኗል። መነኮሳይያቱ በጸለዩበት ቅጥር ውስጥ ሰይፉ ተደርድሮ ይታያል፤ ቦታው ግን ጸጥታውን አልለቀቀም። በቩፐር ወንዝ ዳር ደግሞ በውሃ ጉልበት ድንጋይ እያዞሩ ስለት የሚሞርዱበት የሥራ ጎጆ በብዛት ነበር፤ አንዳንዱ እስካሁን ቆሞ ይጎበኛል። ስለቱን በቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ለነጋዴው የሚያደርሱት ሴቶች ነበሩ። እንጦጦን ያየ ሰው ይህን ለማመን ሥዕል አያስፈልገውም።

ሸፊልድ የእንግሊዝ ዞሊንገን ናት፤ ሸፊልዶች ደግሞ ዞሊንገን የጀርመን ሸፊልድ ናት ይላሉ። የሸፊልድን ዕድል የለወጠው ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ነው። ለሰዓት ሞላ የሚሆን ደህና ብረት አጥቶ ሲናደድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አቅልጦ ማጥራት ቻለ። የአገሩ ቢላ ሠሪዎች ብረቱን «በጣም ይጠነክራል፤ አንፈልግም» አሉት። ለፈረንሳዮች ሸጠላቸው። የፈረንሳይ ስለት ተመልሶ የሸፊልድን ገበያ ሲቆርጥ ያን ጊዜ ነው እነዚያ ሁሉ ጥበበኞች ሀንትስማን ደጅ የተሰለፉት። ማይክል ፋራዴይም፣ አዎ የኤሌክትሪኩ ፋራዴይ፣ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ከቢላ ሠሪው ጄምስ ስቶዳርት ጋር ብረትን ከብርና ከሌሎች ማዕድናት ጋር እያዋሃደ ይሞክር ነበር፤ ከዚያው ብረት ምላጭ እያሠራ ለወዳጆቹ ስጦታ ይሰጥ እንደነበር ተጽፏል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «እሱ ሰጥቷል፤ አንተ ለማን ሰጠህ?» ብላኛለች። ሳይንስ ቤታችን የሚቆየው እስከዚህ ድረስ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ገዳይ ኪንግ ጂሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 የሚጣለውን ምላጭ በፓተንት አስመዘገበ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣለት። የመርዝ ጋዝ ጭንብል ከጢማም ፊት ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በሚታጠፍ ምላጭ መላጨት ደግሞ ጠላትን ማገዝ ነው። የአሜሪካ ጦር 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ ገዝቶ ለወታደሩ አደለ። ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልማዱንም ይዞ ተመለሰ፤ የአባቱ ምላጭ ሣጥን ገባ። ዛሬ እሑድ እሑድ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ከተሰበረ ሹካና ባለቤቱ ከማይታወቅ የሠርግ ፎቶግራፍ አጠገብ ተጥሎ የምታገኙት ያው ምላጭ ነው። ለቡናና ለኬክ በሚበቃ ገንዘብ ይሰጧችኋል። ሲገዙ እጀታውን ማየት ነው፤ ከድሮው ሴሉሎይድ የተሠራ ከሆነ ሲያረጅ ይበሰብስና የሚያወጣው ጋዝ ብረቱን ያዝገዋል። ልብሱ ሰውየውን ሲበላው ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ዕደ ጥበብ በፋብሪካ ደረጃ ከደከመ በኋላ ነው እብዶቹ የመጡት። በአሜሪካ፣ በስካንዲኔቪያ፣ በሌላም አገር ከቤቱ ጓሮ ምድጃ ተክሎ ብቻውን ምላጭ የሚቀጠቅጥ ሰው አለ። ብረቱን አግሎ ይቀጠቅጣል፤ እንደገና ያግልና በዘይት ይነክረዋል፤ በዚህ ጊዜ ብረቱ ይጠነክራል፣ ግን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ስለዚህ 200 ዲግሪ አካባቢ መለስ ብሎ ያሞቀውና የገለባ ቀለም ሲይዝ ያወጣዋል። ከዚያ ሙረዳ፣ ከዚያ ማለስለስ፣ ከዚያ እጀታ። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዩሮ ይጀምራል፤ የታወቀ ሠሪ ከሆነ ሺሁን ሲሻገር ዞር ብሎም አያያችሁ። «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጣል» ሲሉ አያቶቻችን ስለ ዋጋው ያወሩ የነበሩ ይመስለኛል።

የእኔ ሰውዬ ስዊድን ውስጥ ጫካ ዳር ነው የሚኖረው። ትእዛዝ የሚቀበለው ደብተሩ ሲከፈት ብቻ ነው። ደብተሩ መቼ እንደሚከፈት አይናገርም። ተከፈተ ሲባል ከየአገሩ ያለው ራሰ በራና ጢም አልባ ሁሉ ይሻማል፤ ደብተሩ ይዘጋል። የደረሳችሁ እንደሆነ ጥያቄ ይልካል። ስፋቱ ስንት ይሁን? ምላጭ የሚለካው በኢንች ስምንተኛ ነው፤ 5/8 ለጤነኛ ሰው ይበቃል፤ ሰብሳቢ ግን 7/8 ወይም 8/8 ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ጫፉ ክብ ይሁን ወይስ ማዕዘን? ክቡ ይቅር ይላል፤ ማዕዘኑ ጆሮ ያስታውሳል። ብረቱ ተራ የካርቦን ብረት ይሁን ወይስ ደማስቆ፣ ማለትም ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ ተቀጥቅጦ፣ በአሲድ ሲታጠብ ሞገድ የሚያወጣው? እጀታው የጎሽ ቀንድ ይሁን፣ እንጨት ይሁን፣ ወይስ የማሞዝ ጥርስ? ማሞዝ ከሳይቤሪያ በረዶ ሥር እየተቆፈረ የሚወጣ፣ ዘሩ ከጠፋ ብዙ ሺህ ዓመት ያለፈው ዝሆን መሳይ እንስሳ ነው፤ ያ ሁሉ ጠጉር የነበረው ፍጡር የጢም መላጫ እጀታ ሆኖ ማረፉ ያሳዝነኛል። የመጨረሻው ጥያቄ «ጢምዎ ምን ዓይነት ነው?» ይላል፤ ጠንካራ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ። «ጥቂት» የሚል አማራጭ አልነበረም። «መካከለኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ በአማካይ ካየነው ሐሰት አይደለም።

ለእጀታው ወይራ አልኩ። የአውሮፓን ወይራ አይደለም፤ የእኛን። ሰውዬው ደስ አለው፤ «በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ቁመቱ ከእጅ መዳፍ ይለፍ፤ ጣት የሚያህል ውፍረት ይበቃኛል» አለ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ደረቅ ወይራ ላኪልኝ።»

«ወይራ? ጠላ ልትጠምቅ ነው?»

«አይደለም፤ ለምላጭ እጀታ ነው።»

«ለምን?»

«ለምላጭ!»

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። እናቴ የተንኮሻኮሸ መስመር ሲያጋጥማት የሚመስላትን ትሰማለች፤ የመሰላትን ደግሞ በትጋት ትፈጽማለች። በአንዲት መንገደኛ እጅ የደረሰኝ ጥቅል በስሱ የተፈለጠ፣ ጋን ለማጠን የተዘጋጀ የወይራ ስንጥር ነበር፤ ከላዩ ጌሾ ታክሎበታል፤ ከሥሩ በርበሬ። «ጋኑን ደህና አድርገህ እጠነው፤ አለዚያ ይመርሃል» የሚል መልእክትም ነበረው። እኔ ባሰብኩት የምላጭ ልክ ከዚያ ሁሉ ስንጥር ውስጥ የምትሆን አንዲት ወፈር ያለች ጉማጅ አገኘሁ። በፖስታ ወደ ስዊድን ሄደች። ሌላው በክፍለ ከተማችን ባለ አንድ ሐበሻ ቤት ጠላ ሆኗል፤ ጥሩ ጠላ ነበር።

የዚህን ጊዜ ታዲያ እማዬ በቁም ነገር ጠየቀችኝ። «ይኼ ፈረንጅ ቀጥቃጭ ነው እንዴ?» አለች። ቀጥቃጭ ነው አልኳት። «እና ቀድመህ ነው የምትከፍለው?» አዎ። «እና አንተ ነህ የምትለማመጠው?» አዎ። ትንሽ ዝም አለች። «ያባትህ አገር ቀጥቃጩ ማረሻውን ሠርቶ ሲያበቃ እህሉን የሚሰፍሩለት ከደጅ ነበር፤ ቡና አይጠራም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ሲሰድብ የኖረ አገር ልጆች ነን። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን፣ ወስፌውን ከእጁ ተቀብለን ዓይኑን ግን እንሸሽ ነበር። ልጅ አንሰጠውም፤ ከልጁም አንወስድም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማውጣት ነበረባቸው፤ አዋጅ የወጣለት ነገር ደግሞ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ መገመት አያቅትም። የዚያ አገር ልጅ ዛሬ ስዊድን ላለ ቀጥቃጭ «ክቡር ሆይ፣ ደብተርዎ መቼ ይከፈታል?» እያለ ይጽፋል። ሰውዬው በሁለት ወር አንዴ በአንድ መስመር ይመልሳል። መልሱን ለጓደኞቼ አነባለሁ። አንዱ «አርቲስት እኮ ነው» አለኝ በአድናቆት። በእኛ መንደር ያ ሰው ተወልዶ ቢሆን ይኼው ጓደኛዬ ልጁን ከምድጃው አጠገብ ሲያልፍ በነጠላ ይሸፍነው ነበር። ፈረንጅ ሲሆን ዓይኑ አይበላም መሰለኝ።

ጥበቃው ረጅም ነው። የሰብሳቢነት በሽታ የሚጸናው በዚህ ወቅት ነው፤ ሰው ያዘዘው እስኪደርስ እጁ ባዶ ሆኖ መቀመጥ አይችልም። ለማስታገሻ የሸፊልድ አሮጌ ይገዛል። አሮጌውን ለመሳል ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ከቤልጅየም አርደን ተራራ የሚወጣው ቢጫው ነው፤ በውስጡ ዓይን የማያያቸው የጋርኔት ቅንጣቶች አሉበት፤ ስለት የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ጠፍር፤ ምላጭ ከመላጨቱ በፊት ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየተጎተተ መታሸት አለበትና። ቀጥሎ ብሩሽ፤ ቀጥሎ የሳሙና ጎድጓዳ። ማስታገሻው ከበሽታው በላይ አስወጣኝ።

ታዝዞ የተሠራው ሲደርስ ግን አላፈርኩም። ወይራው ቀይ ቡናማ ሆኖ፣ ሥሩ እየተጠማዘዘ፣ በሦስት የናስ ካስማ ተይዟል። ብረቱ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም፤ ጭራው ላይ የሰውዬው ማኅተም ብቻ። ይህን ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ ዝም ማለት ደስታ ነው፤ ችግሩ በሰፈሬ የሚያውቅ ሰው የለም።

አዲስ ምላጭ ከመላጨቱ በፊት በጠጉር ይፈተናል። አንድ ጠጉር በሁለት ጣት ይዛችሁ በአፉ ላይ ቀስ ብላችሁ ታወርዳላችሁ፤ ሳይንሸራተት ከተቆረጠ ስል ነው። የእኔ ጠጉር ግን ዝቅ ሲል ራሱን ጠቅልሎ ወደ ጣቴ ይመለሳል። ረጅም ጠጉር ያለው ሰው በቤታችን ባለቤቴ ናት። ማታ ማታ፣ እሷ ከተኛች በኋላ፣ ከማበጠሪያዋ ላይ የወዳደቀውን እየለቀምኩ መሞከር ጀመርኩ። አንድ ሌሊት መብራቱ በራ። በአንድ እጄ ምላጭ፣ በሌላው የእሷ ጠጉር። የሴት ጠጉር በሌሊት የሚሰበስብ ወንድ በእኛ አገር ምን ሲሠራ እንደሚጠረጠር ታውቃላችሁ። «እኔን ለማስወደድ ነው ወይስ ለማስጠላት?» አለችኝ። ምላጭ ለመፈተን ነው ብላት ከድግምት የባሰ እብደት መሰላት፤ ለእናቴ ደወለችላት። እማዬ ጸበል እንድጠጣ አዘዘች።

መላጨቱ ራሱ አጭር ታሪክ ነው። ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ይያዛል፤ ቆዳው በሌላው እጅ ይወጠራል፤ ትንፋሽ ይያዛል። ድምፁን አልረሳም፤ ስስ ወረቀት ከሩቅ ሲቀደድ ይመስላል። አገጬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲያ ለስልሶ አያውቅም። ባለቤቴ እንኳ እጇን አሳርፋ «እሺ» አለች፤ ከእሷ ዘንድ ይህ ዲፕሎማ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አገጬና አንገቴ በብጉር ተሞላ። የእኛ ዓይነት ጥምዝምዝ ጠጉር ከሥሩ ተጠግቶ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ዞሮ ቆዳውን ይበሳና ተመልሶ ይገባል፤ ቆዳው ያብጣል። የቆዳ ሐኪሞች እንዲህ ለሚሆንበት ሰው የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፤ አትጠጉ፣ ትንሽ አስቀርታችሁ ቁረጡ። ባጭሩ በዓለም ላይ የተሻለ የተባለው ምላጭ ለእኔ ፊት የከፋው ምላጭ ነው። ሰፈራችን ያለው ቱርክ አስተካካይ ፊቴን አገላብጦ አይቶ «በምን ተላጭተህ ነው?» ሲለኝ ስለ ስዊድኑ ሰው፣ ስለ ደማስቆ፣ ስለ ወይራው ነገርኩት። ሁሉን ከሰማ በኋላ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን አነሣ። በጥቂት ደቂቃ ጨረሰ፤ ያስከፈለኝም ለሁለት ማኪያቶ የሚበቃ ነው። ምላጩ አላበጠም፤ ያበጠው እኔ ነኝ።

እንደዚህ ሲሆን ሰው ምላጭ መግዛት ያቆማል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ሰብሳቢ አታውቁም። መላጨት ካቆምኩ በኋላ ነው በንጹህ ልብ መሰብሰብ የጀመርኩት፤ አሁን ጢሜ በመካከላችን የለም።

በቅርቡ ደግሞ የሳምንት ሣጥን የሚባለውን አገኘሁ። ድሮ ባለጠጎቹ ስለት ዕረፍት ይሻል ብለው ስለሚያምኑ ሰባት ምላጭ በአንድ ሣጥን ያሠሩ ነበር፤ በየጀርባው የቀኑ ስም ተቀርጾበት፣ ሰኞ ሰኞን፣ ማክሰኞ ማክሰኞን እየላጨ። ሙሉው ሣጥን ከባድ ዋጋ ያወጣል። ያገኘሁት ግን ረቡዕ የጎደለው ነው፤ ሻጩ በዚህ ምክንያት ዋጋውን በግማሽ ጣለው። ይዤው ቤት ስገባ ባለቤቴ ክፍት ቦታውን በጣቷ እየነካች «ይኼስ?» አለችኝ።

«ረቡዕ ነው» አልኳት፤ «ረቡዕ እኮ ጾም ነው።»

ሣጥኑን ወደ ራሷ ሳበች፤ ምላጮቹን አንድ በአንድ ማንበብ ያዘች፤ አንዱን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዓርብም ጾም ነው» አለች፤ «ይኼን ሽጠው።»